እትዬ ሼን የገዛ በራቸውን ያንኳኩ ዕለት

በቦዩ ዳር ባለው ሰፈራችን ማንም ሳይሾማቸው የሚሾሙና የሚሽሩ አንድ ሴት አሉ፤ እትዬ ሼን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሥራቸው የሰው ደጅ መጠበቅ ነው። በተለይ በብርዱ ወራት ቤተሰብ በአንድ ገበታ የሚሰበሰብበት የረጅሙ ሌሊት በዓል ሲደርስ የሚያመልጣቸው ነገር የለም። የማን ቤት የሩዝ ድብልብል እንደ ጠጠር ደረቀ፣ ማን ለሙታን ሳያቀርብ ቀመሰ፣ ማን የበዓሉን የሩዝ ጠጅ ሳይሰለፍ በዘመድ አስገዛ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። በዋዜማው ራት ላይ ለመልካም ዕድል ሲባል የአኩሪ አተሩ ቡቃያ «ምኞት»፣ የእንቁላሉ ጥቅል ደግሞ «ወርቅ» ተብሎ ካልተጠራ እጃቸውን አይሰነዝሩም። ስንት ዓመት ሙሉ ወርቅ ሲበሉ ኖረው ጣሪያቸው ግን አሁንም ያፈሳል።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት ደንብ፣ ያገባች ሴት በበዓሉ ዋዜማ እናቷ ቤት አታድርም የሚለውን ነው። ካደረች የእናቷ ቤት ይደኸያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኔ ልጅ ከባሏ ተጣልታ በዋዜማው እያለቀሰች መጣች። እትዬ ሼን ደጄ ላይ ቆመው፣ ከዚህ ቤት በሙሽራ ልብስ የወጣች ወጥታለች ብለው ፈረዱ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሰፈሩ ሁሉ እውነታቸውን ነው አለ። ልጄ የሰውን ዓይን አይታ ተመለሰች፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሆቴል አደረች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል መጥታ አታውቅም። በዋዜማው ራት ላይ ከቤት ርቆ ለቀረ ዘመድ ሳህን ይቀመጣል፤ የኔ ገበታ ላይ ያለው ባዶ ሳህን የእሷ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ በዋዜማው፣ ሊመሽ ሲል፣ የእትዬ ሼን ልጅ ሩዪን ሻንጣዋን እየጎተተች ብቅ አለች። ከባሏ ተፋታለች፤ የተከራየችውንም ክፍል ለቃ ነው የመጣችው። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ የጠጅ ማሰሮዬን እንደያዝኩ ወጥቼ ቆምኩ።

ሰፈሩም ወጣ። የፈታች ሴት ካገቡት ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም የሚል ክርክር ተነሳ። ጡረተኛው መምህር ፓን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የጥንት ባለቅኔዎች በዚህች ሌሊት በሰው አገር ማረፊያ ቤት ሆነው ቤተሰባቸውን እያሰቡ ምን ያህል እንዳለቀሱ ተረኩልን። ሁሉም አገሩ ርቆበት ነው ያለቀሰው። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያለቀሰ ባለቅኔ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ አላስታወሱም።

እትዬ ሼን ልጃቸውን አዩ፤ ሻንጣውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ፍርዱን እየጠበቅን ነው እትዬ፤» አልኳቸው። «ያው የድሮው ነው ወይስ ተሻሻለ?»

«ዝም በይ አንቺ፤» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልነበረም።

«ተዪው እማዬ፣ ሆቴል አላጣም፤» አለችና ሩዪን ሻንጣዋን አዞረች።

ያን ጊዜ እትዬ ሼን የቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ያንቺ ነው፤» አሉ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «የእናትሽ ቤት አይደለም። ደንቡ ደግሞ በገዛ ቤትሽ አትደሪ አይልም።»

ልጃቸውን ከነሻንጣዋ ገፍተው አስገቡና በሩን ከውጭ ስበው ዘጉት። ከዚያ ፀጉራቸውን አስተካክለው አንኳኩ።

«ማነው?» አለች ሩዪን ከውስጥ፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለይ አለኝ።

«እንግዳ ነኝ። ማደሪያ አጥቼ ነው።»

«ይግቡ።»

መምህር ፓን ይሄ ከቅኔ ይበልጣል ብለው አጨበጨቡ። ሰፈሩም በብልሃታቸው እየተደነቀ ወደየራቱ ተበተነ። ደንቡ አልተጣሰም፣ ልጅቷም ደጅ አልቀረችም፤ እንዲህ ያለ ዳኛ ከየት ይገኛል። እኔ ብቻ ማሰሮዬን ታቅፌ ቀረሁ።

እትዬ ሼን አንድ እግራቸውን አስገብተው ወደኔ ዞሩ።

«ያን ጊዜ ይሄ ዘዴ አልመጣልኝም፤» አሉኝ ቀስ ብለው።

እንዴት ይመጣላቸዋል። ያን ጊዜ ደጅ የቆመችው የኔ ልጅ ነበረች።