ዝገት ያበበበት ጨርቅ

በመጀመሪያ ዐይን የሚገባው ጥፍሯ ነው። በጥፍሯ ዙሪያ ቀጭን ቡናማ መስመር አለ፤ በሳሙና ቢያሹት፣ በድንጋይ ቢፈትጉት ንቅንቅ አይልም። ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። የዝገት ቀለም ነው።

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሰው ዚፕ ትቀይራለች፣ የሰው ኮሌታ ትገለብጣለች። የራሷ የምትለውን ሥራ የጀመረችው በአጋጣሚ ነው። የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ እንደረጠበ በዛገ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አደረና ጠዋት ስታወርደው ትከሻው ላይ እሳት የመሰለ አበባ ፈክቶ አገኘችው። ደንበኛው የእርግማን መዓት አወረደባት። እሷ የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነው፤ ዐይኗ ከአበባው ላይ አልነቀል ብሎ ነበር። ብረት ያብባል ብሎ ማን ነግሯት ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ የዛገ ነገር አያልፋትም። ብሎን፣ ማጠፊያ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የተሰበረ መቀስ፤ ሁሉም ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል። የሰፈሩ ሰው «ቁራሌዋ» አላት። «ከመሳቅ ያላችሁን አምጡ» ትላለች እሷም።

ነጩን ጥጥ ጨርቅ በኮምጣጤ ታርሳለች፤ ብረቱን ውስጡ ጠቅልላ በሲባጎ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፤ በላስቲክ ሸፍና ትተወዋለች። ሲፈታ እያንዳንዱ ብረት መልኩን ጨርቁ ላይ ጥሎ ይገኛል። አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዛዛ፣ አንዱ ደግሞ ጠርዙ እንደ ጭስ የሸሸ። ያን ጊዜ መርፌዋን ታነሳለች። ዝገቱ በሄደበት ሁሉ በቀይ ክር፣ በሰንሰለት ጥልፍ ትከተለዋለች፤ ሲሰፋ አስፍታ፣ ሲጠብ አጥብባ።

ክረምቱን ሙሉ የለፋችበት ትልቅ ጨርቅ የእጅ ሥራ በሚታይበት አዳራሽ እንዲሰቀል ተመረጠላት። በስሟ የሚሰቀል ነገር ሲኖራት የመጀመሪያዋ ነው። አጣጥፋ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ስፌት ቤቷ ሄደች።

የምትኖረው በታላቅ እህቷ ግቢ፣ በጓሮዋ ክፍል ነው። እህትየው፣ እሷ «እትዬ» የምትላት፣ በልብስ አጠባ ስሟ የተጠራ ሴት ናት፤ የእሷ ነጭ እንደ ወተት ነው ይባላል። ታናሽየው ማታ ስትመለስ ጨርቁ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ነጭ ነው። ዝገቱ የለም።

«ዐይንሽ እንዲበራ ብዬ ነው» አለች እትዬ ወገቧን ይዛ። «እንዲያ ያለ ጥልፍ ዝገት በልቶት አየሁና አንጀቴ አልችል አለ። በሎሚና በጨው አሸሁት፣ ፀሐይ አስመታሁት። ወገቤ ተቆረጠ።»

«ማን እጠቢልኝ አለሽ?»

«ቆሻሻ ለማጠብ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?»

«ቆሻሻ አይደለም፣ ሥራዬ ነው።»

«ሥራሽማ ጥልፉ ነው። አንዲት ክር ነክቼብሽ እንደሆነ ቁጠሪ።»

እውነቷን ነው፤ ክሩ ሁሉ በቦታው አለ። ያ ሁሉ ጥልፍ ግን የሚከበው ነገር አጥቶ፣ ነዋሪው የለቀቀው ግቢ አጥር መስሎ ቆሟል።

የእህቷ ባል ከበረንዳው ሆኖ «ለደግ ብላ ነው፣ አታካብጂው» አላት።

«ለደግ ብዬ ተኝተው ሳለ ጺምዎን ብላጭዎትስ ጋሼ?»

ጋሼ ጺሙን እየዳሰሰ ወደ ቤት ገባ። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶች ግን ዝም አላሉም። አንዷ የሎሚው ብዛት አሳዘናት፣ አንዷ የእትዬ ወገብ። ለጨርቁ ያዘነ አንድ ሰው አልተገኘም። ይህ ነው ያንገበገባት፤ በዳይ ታቅፋ ስትባበል ተበዳይ «ምስጋና ቢስ» ተብላ መቅረቷ። ከእህቷ አፍ የምትፈልገው ካሣ አልነበረም። «ሥራሽን አጠፋሁብሽ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ።

«አይሰቀልም» ብላ ልታሰርዘው፣ ጨርቁን ይዛ ወደ አዳራሹ ሄደች። እትዬም «ሰው ምን ይለናል» እያለች ተከተለቻት። የአዳራሹ ኃላፊ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀለሙን አስለቀቅሽው?» አለች በመጨረሻ። «ከበፊቱ ይበልጣል። ባዶውን እኮ ነው የጠለፍሽው። መግቢያው ላይ እሰቅለዋለሁ።»

እትዬ ፊቷ በራ። «አላልኩሽም? እኔን ስትረግሚ ከረምሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች። «እንግዲያው የእሷን ስም ጻፊበት» አለች ለኃላፊዋ። «ሎሚውን የጨመቀችው እሷ ናት።»

«ተይ እንጂ፣ በሰው ፊት» አለች እትዬ።

«ሥራሽን አጠፋሁብሽ በይኝ፤ የኔን ስም ትጽፋለች። መግቢያውም ላይ ይሰቀል።»

እትዬ ሻሿን አስተካከለች። ጨርቁን አየች፣ ወለሉን አየች። «እኔ እኮ ለደግ ብዬ...»

ታናሽየው እስክትጨርስ ጠበቀቻት። እትዬ ግን እንደገና ሻሿን ማስተካከል ያዘች። ጨርቁን እዚያው እንደተዘረጋ ትታ፣ ኃላፊዋ ስሟን እየጠራች ብትከተላትም ደረጃውን ወረደች፤ መንገዱን ተሻግራ፣ ዞር ሳትል፣ በእግረኛው መሐል ሄደች።