ስንዴ የሚተኛበት አልጋ

ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሾፌሮች አንዱ ሻይ ሻጯን ቀመሪያን ግራ ካጋባት ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ስሙን አታውቅም። ሽርጥ ያገለደመ ሸበቶ ሰውዬ ነው። በተሳቢውና በግራሩ መካከል የሸራ አልጋ በገመድ ያንጠለጥላል፤ ግን አይተኛበትም። ለቤቱ ከአርሲ ነገሌ የገዛውን ግማሽ ጆንያ ስንዴ አቅፎ ያመጣና፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ በሰያፍ ያጋድመዋል። ከዚያ የገዛትን ሻይ ሳይቀምስ ጆንያው ላይ ያስቀምጣል። ብርጭቆዋ ካዘመመች ገመዱን ፈትቶ እንደገና ያስራል። እሱ ራሱ የሚተኛው ከተሳቢው ሥር፣ ካርቶን ላይ ነው።

ቀመሪያ ጠፍር አልጋ ላይ ያደገች ናትና አላስችላት አለ።

«ጋሼ፣ ይወጥሩት እንጂ! አልጋ የሚቃናው ሲወጠር አይደል?»

«ይኼ ሲወጠር ጎንን ጨምድዶ ይይዛል። ላላ ተደርጎ በሰያፍ ሲተኙበት ነው ጀርባ የሚያርፈው።»

«ታዲያ ስንዴ ጀርባ አለው እንዴ?»

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ።

«ሐኪሞቹ ልጄን መዘኗት? ዛሬስ ስንት ኪሎ ሆነች?» አለና ብዙ አዳመጠ። «አሁንም ቀነሰች? ጀርባዋስ አልጋ ላይ አላርፍ እንዳለ ነው?»

ስልኩን ኪሱ ከትቶ የጆንያውን አፍ ፈታ። ሦስት ጣሳ ስንዴ ቀንሶ በፌስታል ቋጠረ። ከዚያም ጆንያውን መልሶ አቀፈው።

ቀመሪያ ሻይዋን ትታ ተነሣች።

«ራስጌዋ በየት በኩል ነው?» አለችው።