ከፎቶው ፊት የቀረ ከረሜላ

ቶኩጂ በየማለዳው ፊቱን እንደታጠበ አንድ የፕሪም ከረሜላ በትንሽ ሳህን አድርጎ ከሟች ሚስቱ ፎቶ ፊት ያስቀምጣል። ከፎቶው አጠገብ ያለችውን የጸሎት ደወል አንዴ ይመታና "ሱሚኤ፣ የትናንቱ ነው፤ ቅመሺው" ይላል። ማታ ሳህኑን አውርዶ ከረሜላውን ራሱ ይበላዋል። ለሟች የቀረበ ነገር አይጣልም።

ከረሜላው ግን አልሆነለትም። ሱሚኤ በየዓመቱ የጓሮውን ፕሪም ጨምቃ፣ ከስኳርና ከባሕር ሣር ከሚወጣው ማርጊያ ጋር አፍልታ፣ በትሪ አርግታ ትቆርጠው ነበር። የእሷ ላዩ እንደ ስስ በረዶ ቀጭ ይልና ውስጡ ይለጠጣል። ቶኩጂም ያንኑ ጨመቀ፣ ያንኑ አፈላ። የእሱ ጥርስ ላይ ይጣበቃል።

የሙት ዓመቷ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። ቶኩጂ እንግዶቹ የሱሚኤን ከረሜላ እንዲበሉ ወስኗል። ታላቅ እህቷ ሂሳኖ ደግሞ ከከተማው ጣፋጭ ቤት እንዲታዘዝ ወስናለች።

"ይኼ ከረሜላ ነው?" አለችው አንዱን እያላመጠች። "ጥርሴ ሰው ሠራሽ መሆኑን እያወቅህ?"

"ማርጊያ ልጨምርበት ነው፣ እትዬ።"

"ጨምርበት። ለአውቶቡስህ ጎማ ይሆንሃል።"

ቶኩጂ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ማርጊያ ጨመረ፤ ጎማ ሆነ። ቀነሰ፤ ሾርባ ሆነ። ወደ መጀመሪያው መጠን ተመለሰ፤ እንደገና ጥርስ ላይ ተጣበቀ። ያን ዕለት ማታ ከሚስቱ ጋር ተኳረፈ።

"አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አሠራሩን አንድ ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አላት ፎቶውን። ሳህኑን አላወረደም። በማግስቱም ደወል አልመታም፤ አዲስ ከረሜላም አላቀረበም። "ያለውን ብዪ" ብሎ የክፍሉን በር ዘጋው።

ከሳምንት በኋላ ሂሳኖ የጣፋጭ ቤቱን ትዕዛዝ ልትጨርስ መጣች። እንደ ወጉ መጀመሪያ የእህቷ ፎቶ ወዳለበት ክፍል ገባች።

"አንተ ቶኩጂ፣ ይኼ መቼ የቀረበ ነው?"

"ተኳርፈናል።"

"ከማን ጋር?"

በአገጩ ወደ ፎቶው አመለከተ።

"ሞታ እንኳ አታሳርፋትም?" አለች። ከረሜላው አይጣልምና ወደ አፏ ከተተችው። ቀጭ አለ። ማላመጧን አቆመች፤ ከዚያ ቀጠለች።

"የሷ ነው" አለች። "ከየት ደብቀህ አመጣኸው?"

"ያው ነው፣ እትዬ። ጥርስዎን የያዘው።"

ሁለቱም ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። ከቤቱ ሁሉ ደረቁ ክፍል ይህ ነው፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በስስ ወረቀት በተሸፈነው በር ትገባለች። ከረሜላውም ሳምንቱን እዚሁ ደርቋል። ሱሚኤ በፕሪም ወራት የከረሜላ ትሪዎቿን ይዛ እዚህ ትገባና "ማንም እንዳይገባብኝ" ብላ በሩን ትዘጋ ነበር። ቶኩጂ ለሟች ወላጆቹ የምትጸልይ መስሎት፣ በዚያ በር ሲያልፍ አርባ ዓመት በእግሩ ጫፍ ተራምዷል።

"ጸሎተኛ ናት እል ነበር" አለ።

"ሱሚኤ?" አለች ሂሳኖ። "ቀብር ላይ የምታንቀላፋ ልጅ ነበረች እኮ።"

ቶኩጂ ደወሉን መታ። "ታርቀናል" አለ ለፎቶው፤ ከዚያም ድስቱን ጣደ። ሂሳኖ ስልኳን አውጥታ ለጣፋጭ ቤቱ ትዕዛዙ መቅረቱን ነገረች።

አሁን ትሪዎቹ የክፍሉን ወለል ሞልተውታል። እስከ እሑዱ የእንግዶች ሻይ ሰዓት ማንም እንዳይነካቸው ሂሳኖ አዛለች። ስለዚህም ለሙት ዓመቷ የሚመጡት መነኩሴ ጸሎቱን የሚያደርሱት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነው።