ሳንቃውን ያቀፈው ሰውዬ

ካሚዮኑ ሞተሩን አስነስቶ ጡሩንባውን ያንባርቃል፤ ሾፌሩ «ልጁን አምጡልኝ፣ ፀሐይ ሳይከር የሐረጎን ዳገት ልውጣ!» እያለ ይጮኻል፤ እኔ ግን የሽማግሌውን ሽርጥ በሁለት እጄ ጨምድጄ አልለቅም ብያለሁ። «ሰውዬውስ? ሰውዬው ምን ሆነ?»

ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ያልበቀሉልኝ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጓደኛዬ ሳሊም ከየመን የመጡ አረቦች ልጅ ነበር፤ እሱ ደሴ ሱቅ ከፍተው ከሚነግዱት አባቱ ጋ ይኖራል፣ ሌላው ቤተሰብ ግን ኮምቦልቻ ነው። የኔታ ለገና ሲለቁን ሳሊም «ካላንተ ኮምቦልቻ አልወርድም» ብሎ ድርቅ አለ። እናቴ «ገናን በሰው ቤት? ባሕር ማዶ እሄዳለሁ በለኛ!» ብላ ስቃ ፈቀደች።

እውነትም ባሕር ማዶ ነበር። የደሴን ውርጭ ሐረጎ ላይ ጥለነው ወርደን ስንገባ ቤቱ ሙሉ በአረብኛ ይንጫጫል፤ ሩዙ በአንድ ትልቅ ትሪ ይቀርባል፤ የፋኖሱ ጭስ እንኳ ሌላ ሌላ ይሸተኝ ነበር። የመጀመሪያዋ ማታ እናቴ ትዝ አለችኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

«የደሴ ወንድ ይኼ ነው? ውርጭ ያሳደገውን ሙቀት ያስለቅሰዋል?» አለኝ ሳሊም።

«ተይ፣ አንቺ ሳሊም!» አሉ አያቱ። «ጀዲ» እንላቸዋለን፤ በአረብኛ አያቴ ማለት ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁሉም ሰው «አንቺ» ነው። «አይዞሽ፣ ነገ ጠዋት ካሚዮን አለ፣ እናትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ዛሬ ግን ተረት ስሚ።»

ማንደጃውን ወደ እግራቸው አስጠግተው፣ በዝንጅብል የፈላውን የቡና ገለፈት ፉት እያሉ፣ መርከቡ ባሕር መሃል የተሰበረበትን ነጋዴ ነገሩኝ። ሰውዬው አንዲት ሳንቃ አቅፎ ቀረ። አንድ ትልቅ ዓሣ መጣና ዙሪያውን ይዞረው ጀመር። ፍሙ አመድ ሲለብስ ጀዲ ተረቱን እዚያው ላይ አቆሙ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ነገ። ነገ ደግሞ አንቺ ደሴ ነሽ።»

ጠዋት ካሚዮኑ ሲመጣ ከተምር ጆንያ ኋላ ተደብቄ አገኙኝ። በዚያው ቀረሁ። ዓሣው ሄደ፣ ወፍ መጣች፤ ወፏ ሄደች፣ አንድ መርከብ ሳያየው አለፈ። በየማታው ፍሙ አመድ ይለብሳል፣ ሰውዬው ሳንቃውን እንዳቀፈ ያድራል፣ እኔም እናቴን ረስቼ አድራለሁ።

የገና ዕለት የሳሊም እናት አውራ ዶሮ ይዘው ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠሩ፤ «የልጁ በዓል ነው፣ አንተ እረድለት» አሉት። ለብቻዬ በተገዛ ድስት ተሠርቶ ቀረበልኝ። ሳሊም አጠገቤ ቁጭ ብሎ አፍንጫውን ወደ ሳህኔ ዘርግቶ «ሥጋው አይፈቀድልኝም፣ ሽታው ግን ሐላል ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ እናቴ «ልጄን መልሱልኝ» ብላ በሾፌሩ ላከች። ያን ጠዋት ነው እንግዲህ ሽርጡን የጨመደድኩት።

«ቀን ተረት አይወራም» አሉኝ ጀዲ፣ «መንገደኛ መንገድ ይጠፋባታል።»

በዓመቱ፣ የገና በዓል ሳይደርስ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ በአሰብ በኩል ወደ አገሩ ተሻገረ። እኔም የኔታን ትቼ፣ ትምህርት ትቼ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ እያቃተኝ ጎዳናው ላይ አደግሁና የካሚዮን ረዳት ሆንኩ። አሰብ መጀመሪያ የወረድን ቀን ጓደኞቼ እግራቸውን ሊነክሩ ሲሮጡ እኔ ዳር ቆሜ ውኃውን አያለሁ። «ምን ጠፋህ?» አለኝ ሾፌሬ። «የማውቀው ሰው» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። ባሕር ባየሁ ቁጥር ዛሬም ዓይኔ ሳንቃ ይፈልጋል፤ የተረቱን መጨረሻ የሚያውቅ አረብ ግን ወደቡ ላይ ብጠይቅ ብጠይቅ አላገኘሁም። ሳስበው፣ ያን ጠዋት ጀዲ መጨረሻውን ቢነግሩኝ ኖሮ መቼም ይዤው አልቆይም ነበር።

ያን ጠዋት ሾፌሩ ጡሩንባውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያንባርቅ ጀዲ ጎንበስ አሉ። ጣቶቼን ከሽርጣቸው አንድ በአንድ አላቀቁ፣ አቅፈው ጭነቱ ላይ አወጡኝ፣ እጃቸውንም ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ሂጂ፣ አይዞሽ። ሳንቃዋን ይዟል። አንቺ እስክትመጪ አይሰጥምም።»