ሁለት ዓይን ያላት ተሳፋሪ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ስኖር ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህንን ግን የምሠራው ሥራ ራሱ በየጊዜው ስለሚያነሳብኝ ልረሳው አልቻልኩም።

ያኔ ጠዋት ጠዋት ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድሮ የጃፓን ሥዕሎችን እገለብጣለሁ። ዋናዎቹ ሥዕሎች እንጨት ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። እኛ ያንኑ እያየን በብሩሽ ሸራ ላይ እንስላለን፤ ለሆቴል፣ ለሬስቶራንትና ለሐኪም ቤት ግድግዳ ይሸጣል።

የምንሠራበት የሥዕል ቤት ባለቤት ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ዋናው ላይ የሌለ ነገር ሲጨመር አይወድም። አንዱ ባልደረባችን ባዶ ሰማይ ላይ ወፍ ቢጨምር በዚያው ተሰናበተ። እኔ ደግሞ ብሰናበት መግቢያ አልነበረኝም። ጉልበቴ አልጋ ማንጠፉን እምቢ ማለት ጀምሯል። ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ይኸው አንዱ ነበር።

ሥዕል ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ልብሱን እኔ እቀባለሁ፣ ፊቱን እሱ ይስላል፤ ዓይን የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ እያየሁ ነው ያደግኩት።

አንድ ሰሞን ዋልተር በበረዶ ውስጥ በጀልባ ወንዝ የሚሻገሩ ሰዎችን ሥዕል ሰጠኝ። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ከነፋሱ ፊታቸውን አዙረው በጎን ነው የሚታዩት። ከመሃላቸው ልጅ ያዘለች ሴት አለች። ፊቷን በምስልበት ቀን ሆቴሉ ሠራተኛ ጎድሎበት የእኔንም የሌላ ሰውንም ክፍል ሳጸዳ ነው የዋልኩት። ዓይኔ እየተከደነ ጨረስኩና መልሼ እንኳ ሳላየው ሄድኩ። ዋልተርም ቸኩሎ ነበርና ሳይመረምረው ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ የጥርስ ሐኪም አደረሰው።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ግድግዳው ላይ ያለውን ይሁዳ ሳይ ክው አልኩ። የጀልባዋን ሴት እንዴት እንደሳልኳት ትዝ አለኝ። ልጅ ያዘለች እናት ናትና እጄ ከይሁዳ ጋር ሊቆጥራት አልፈለገም። ፊቷን ወደ እኛ መልሼ ሁለት ዓይን ሰጥቻታለሁ።

ሰኞ ከሆቴል እንደወጣሁ በሜትሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ ፌርማታውን አልፌ ተመለስኩ። ሐሳቤ ዋልተር ሳያየው ላስተካክለው ብዬ መውሰድ ነበር።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ነጠላ የለበሱ የአገሬ ሰው፣ አንድ እናት፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሥዕሉ ፊት ለፊታቸው ነው። የጀልባዋም ሴት ልክ እንደፈራሁት በሁለት ዓይኗ አፍጥጣ ታያለች።

«አንቺም ለጥርስ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ለሥራ ነው። እርስዎስ?»

«ይነቀላል አሉኝ። ልጄ ‹ሲጨርሱ ኮል ያደርጉልኛል› ብሎ ጥሎኝ ሥራው ሄደ። ይኸው፣ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ ሥዕሉ አመለከቱኝ። «እነዚያ ሁሉ ፊታቸውን አዙረውብኛል። እሷ ብቻ አይዞሽ የምትለኝ ይመስለኛል።»

የሳልኳት እኔ ነኝ ልላቸው ስል ዋልተር ለሐኪሙ የሚያደርሰውን ሌላ ሥዕል ታቅፎ ገባ። እኔን አየ፤ ሥዕሉን አየ። ሰበብ ለመፈለግ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

«ስህተቱ የእኔ ነው። ልወስደው ነው የመጣሁት» አልኩት።

ጠጋ ብሎ ተመለከተው። «ይህ ዋናው ላይ የለም። መውረድ አለበት» አለ።

«ምን ይላል ሰውዬው?» አሉኝ እማማ። ነገርኳቸው።

«እኔ እስክጠራ ይታገሠኝ በይው። ብቻዬን እፈራለሁ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ዋልተር የያዘውን ሥዕል ግድግዳ አስደግፎ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሦስታችንም ያቺን ሴት እናይ ጀመር። ስማቸው ሲጠራ እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አንዴ ቀና ብለው አዩዋትና ገቡ።

ወዲያው ዋልተር ሥዕሉን አወረደው። «ነገ አስተካክዪው። ሁለተኛ እንዳይደገም» አለኝ። ሥራዬ ተረፈልኝ ማለት ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እማማ ጥጥ ነክሰው ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት ግድግዳውን ነው። ባዶውን ምስማር አዩ፣ ከዚያ እኔን። መናገር ስላልቻሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ልጃቸውን ሊጠብቁ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ፊቷን በቀለም ሸፍኜ በጎን ሳልኳት። ሥዕሉ ተፈላጊ ሆኖ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደገለበጥኩት አላውቅም። እጄም ለምዶታል፤ አይሳሳትም። ዓይኗን አሁንም እንደ አባቴ መጨረሻ ላይ ነው የማስገባው። ያቺን አንድ ዓይን ጨርሼ ብሩሹን ሳስቀምጥ ግን ፊቷን እንደገና ከእማማ ያዞርኩባቸው ይመስለኛል።