ዶክተር ሬዲዮ አምስት ቀን ዝም ስትል

ሰፈርተኛው ሁሉ «ዶክተር ሬዲዮ» ይላታል። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራት ባይኖርም ታውቀዋለች፤ እንዲያውም ደስ ሳይላት አይቀርም። የጥርስ ሐኪም ናት። ወሬ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል? ታካሚው አፉን ከፍቶ፣ ጥጥ ጎርሶ፣ የምራቅ መምጠጫ ቱቦ ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የት ያመልጣታል? ስለ ባሏ ትነግረዋለች፣ ስለ ባሏ አክስት ድመት ትነግረዋለች፣ ስለ አዲሱ መጋረጃዋ ትነግረዋለች። «እእ» ካለ እሰየው፤ ባይልም ግድ የላትም። እጇ ግን ወርቅ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለች፤ ረዳቷ። ከሐኪሟ በስምንት ዓመት ስለምትበልጥ ዶክተሯ «እታለም» ነው የምትላት። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዶክተሯ እጇን ስትዘረጋ የምትፈልገው መሣሪያ ቀድሞ መዳፏ ላይ ይገኛል። ይሄን አምጪ፣ ያንን አቀብዪ ብላት አታውቅም፤ አፏ በሌላ ወሬ ተይዟላ!

ነገር የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የተቦረቦረ መንጋጋ ጥርሱን ሊያስሞላ መጣ። እዚያ ክፍል አንድ ደንብ አለ፤ ታካሚው ካመመው ግራ እጁን ያነሣል፣ ሐኪሟም ወዲያው መሰርሰሪያውን ታቆማለች። ሹፌሩን ማደንዘዣው በደንብ አልያዘውም ኖሯል። ዶክተሯ ደግሞ ባሏ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሲቀባ ራሱን ከውስጥ እንዴት እንደቆለፈ እያወራች ነበር። ሰውዬው ግራ እጁን ሲያነሣ ታሪኩ የጣመው መሰላት።

«አይደል?» አለችውና ቀጠለች።

ሰውዬው ቀኙንም ጨመረ።

«እሱንማ ተወው!»

«ዶክተር!» አለች ረዳቷ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛ መጥራቱን ትታ ሄዳ የመሰርሰሪያውን ማብሪያ ድርግም አደረገችው። ሹፌሩ ላብ በላብ ሆኖ እንባው እስከ ጆሮው ወርዷል። ዶክተሯ ክው አለች። ይቅርታ ጠየቀችው፤ ከልቧ ነበር። ግን ይቅርታውንም ሩብ ሰዓት ሙሉ አወራችው፣ ምስኪን።

በማግስቱ ረዳቷ የመልቀቂያ ደብዳቤ የዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሁለት መስመር ናት፤ ወሩ ሲያልቅ እንደምትለቅ ትላለች፣ ምክንያቷን አትልም። ዶክተሯ ግን ምክንያቱን ያወቀች መሰላት። «በሹፌሩ ነው አይደል? አውቄዋለሁ! ሁለተኛ አይለመደኝም እታለም፣ ደግሞስ ያለ አንቺ...» እያለች ስትቀጥል፣ ረዳቷ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ዕቃ ልታጥብ ሄደች።

ያን ዕለት ራት ላይ ዶክተሯ አለቀሰች። ያለዚያች ሴት መሥራት አትችልም፤ አትፈልግምም። ባሏ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ነገር አያበዛም።

«ኮረብታው ላይ ያለውን ቤት ሰምተሻል? ሥራ የወጠራቸው ሰዎች እየሄዱ አምስት ቀን ዝም የሚሉበት።»

«ዝም ብለው ምን ይሠራሉ?»

«ዝም ይላሉ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመለሳሉ።» ትንሽ ፈገግ አለ። «አንቺ ግን ተዪው፤ ምሳ ሳይደርስ ነው የምትመለሺው።»

በቃ፣ እልህ ያዛት። በሳምንቱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች።

እዚያ በር ላይ ስልኳን ወሰዱባት። ማውራት የለም፣ መጻፍ የለም፣ በጥቅሻ መግባባት እንኳ የለም። አስተማሪዋ ጠዋት ጠዋት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትናገራለች፤ «ትንፋሻችሁን ተከተሉ። ሐሳብ ሲመጣ አትጣሉት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ።» ከዚያ አብረዋት የገቡት ዳኛው፣ ነርሷ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉም የወለል ትራሱ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል።

የመጀመሪያው ቀን ፍዳ ነበር። ጉልበቷ ታመመ፣ መንጋጋዋ ሥራ ፈቶ ታመመ። የባሰው ምሳ ላይ መጣ፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ጎልማሳ የፊት ጥርሱ ተሸርፏል፣ በዚያ ላይ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው። ያንን እያዩ ዝም ማለት ለጥርስ ሐኪም ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው! በሁለተኛው ቀን ሻንጣዋን አሰናድታ እስከ ውጭው በር ድረስ ሄደች። የባሏ ፈገግታ ትዝ ሲላት እየተነጫነጨች ተመለሰች፤ እሱም በሆዷ።

በሦስተኛው ቀን የሆነ ነገር ለቀቃት። ጆሮዋ ሥር ተሰቅለው የኖሩት ትከሻዎቿ ወረዱ። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኝታ አደረች፤ ስንት ዓመቷ! ጠዋት ዓይኗን ጨፍና ስትቀመጥ የሹፌሩ እጅ መጣባት። እንደ ልማዷ በወሬ ልትሸፍነው አልቻለችም፤ እጁን አየችው፣ «አቁሚ» እያለ ወደ ላይ ተነሥቶ ቀርቷል። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

ቀጥሎ ረዳቷ መጣች። ጓንት እያወለቀች በር ላይ ቆማ፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር...» ስትል። ሌላ ቀን ደግሞ መስኮቱ አጠገብ፣ እንዲሁ «አንድ ነገር...»። ዶክተሯ ያንን ዓረፍተ ነገር መጨረሻውን ልታስታውስ ታገለች፣ የለም። ከየት ይምጣ? በእያንዳንዱ ላይ የራሷ ድምፅ ነው የሚሰማት፤ ስለ ድመት፣ ስለ መጋረጃ። ደነገጠች። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

በአምስተኛው ቀን ዝምታው ሲነሣ ግቢው በጫጫታ ተሞላ። ዶክተሯ በቀጥታ ወደ ጎልማሳው ሄደች። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ያ ጥርስዎ ሳይብስ ይታይ።»

«ወይ ጉድ!» አለ ሰውዬው ደረቱን ይዞ። «አምስት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሲያፈጡብኝ፣ ምን በድያቸው ይሆን እያልኩ ሳዝን ነበር እኮ!»

ሰኞ ጠዋት ከማንም ቀድማ ክሊኒኩ ደረሰች። ረዳቷ ገብታ መሣሪያ መደርደር ስትጀምር ወንበር ሳበችላት።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልትጠይቂኝ ነበር» አለችና አፏን ዘጋች።

ረዳቷ የተለመደውን ጎርፍ ጠበቀች። አልመጣም። ዶክተሯ ትንፋሿን እየቆጠረች ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምላሷ ይበላታል።

«አሞዎታል እንዴ?»

ዶክተሯ አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ረዳቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ስምንት ወሩ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ታይልኛለች፣ ከሰዓት ግን ብቻዋን ናት። ባለፈው ምድጃ ነክታ እጇ ተቃጠለ። ከሰዓት በኋላ ይልቀቁኝ ብዬ ልለምንዎት ነበር። አራቴ ጀመርኩት። መልቀቁንስ መች ፈልጌ።»

«በሹፌሩ አልነበረም?»

«ኧረ በእሱ አይደለም! ጨርሰውለት አመስግኖ አይደል እንዴ የሄደው።»

ዶክተሯ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ረዳቷ የዶክተሯን ባል አክስት ድመት ስም ከነዝርያዋ ታውቃለች፤ ዶክተሯ ግን እሷ ከእናቷ ጋር እንደምትኖር እንኳ አታውቅም ነበር። አፈረች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ የቀጠሮውን መዝገብ ገለበጠች። መሙላትና መንቀል ጠዋት ይሁን፤ ምርመራ ብቻ የሆነው፣ ዶክተሯ ብቻዋን የምትችለው፣ ከሰዓት ይደረግ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስምንት ወር ያስጨነቀ ነገር! ረዳቷ ደብዳቤዋን ከመሳቢያው አውጥታ ቀደደችው፣ ሁለቱም እየሳቁ ተቃቀፉ።

ዶክተሯ ወሬ ተወች እንዳትሉኝ፤ ኧረ ወዲያ! አሁንም ታወራለች። ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ሳይከፈት አሥር ደቂቃ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፣ ጥርስ ስትሠራም ወሬዋን እያቋረጠች የሰውየውን እጅ ታያለች።

ያን ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አብረው ወደ ረዳቷ ቤት ሄዱ። እናትዬዋ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። የእንግዳዋን እርምጃ ሲሰሙ ደህነኛውን እጃቸውን ዘረጉ።

«አንቺ ነሽ ዶክተሯ? ነይ ወዲህ! ልጄ የአንቺን ወሬ ማታ ማታ ስትነግረኝ ነው ቀኑን የምረሳው። ያ ባልሽ መታጠቢያ ቤት የተቆለፈበት! በሳቅ ልሞት!» እጇን ያዙና ጎናቸው አስቀመጧት። «በይ እስቲ፣ ዛሬ ከራስሽ አፍ ልስማው።»

ዶክተሯ አፏን ከፈተች። ታሪኩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ከነቀለሙ፣ ከነበሩ። ዋጥ አደረገችውና፣ «እነግርዎታለሁ፣ እማማ» አለች። «መጀመሪያ ግን እርስዎ የራስዎን ታሪክ ይንገሩኝ።»

እማማም ጀመሩ።