የሳሙና ፒስተን

ስማኝ፣ ይቺን ሳትሰማ እንዳትሄድ።

ቡራዩ ላይ ፖሊሶች ከባጃጄ አውርደው ነው የያዙኝ። ስልኬ ላይ ሰው የላከልኝ አንድ ፎቶ አገኙ፣ በቃ። ያስገቡኝ ክፍል እግር አያስዘረጋም፤ ግድግዳው ያልበዋል።

«አካም፣ ግባ፣ ቦታ አለ» አሉኝ ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ። የት አባቱ ነው ቦታው? ኦቦ ነው የምንላቸው። ሰበታ ጋራዥ የነበራቸው መካኒክ ናቸው። ፖሊሶቹ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን አመጡ፤ አባትን እንደ መለዋወጫ።

«ምን ትሠራለህ?»

«ከስምንተኛ አቋርጬ ባጃጅ ነው የምነዳው።»

«ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ?»

«ቤንዚን ካጠጡት ይሄዳል።»

«በሬ ነው እንዴ?» ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ተናደድኩ። «እሺ ያስተምሩኛ» አልኳቸው።

ሳሙና በጥፍራቸው ጠርበው ፒስተን አደረጉት፤ ሞተር ውስጥ ወደላይ ወደታች የሚመላለሰውን። የውሃ ፕላስቲክ ቆርጠው እሱ ውስጥ ከተቱት። ከጋቢያቸው ክር መዘው ወገቡ ላይ ጠመጠሙበት። «ይሄ ፋሻው ነው፣ የፒስተኑ ቀለበት። ሲያልቅ የታመቀው አየር ያመልጣል፣ መኪናህ ዳገት አይወጣም።» ጠዋት ጠዋት እንደ ዳዊት ያስደግሙኛል፦ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። ከሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው። ትምህርት ቤት ያልገባኝ ትምህርት እስር ቤት ገባኝ።

አንድ ቀን ፈተሹንና ሳሙናውን ወሰዱት። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጠራኝ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፒስተን።»

«ስማ፣ ሽማግሌው ፈንጂ ሊያሠራኝ ነበር በል። ዛሬ እናትህ ቤት ታድራለህ።»

እናቴ በር ላይ ምሳ ይዛ ቆማ እንደነበር፣ እንደመለሷትም አውቃለሁ። አልዋሽም፣ እናቴ ቤት ማደር አማረኝ። ግን እሳቸው ላይ ምን ብዬ? ሳሙናውን አነሳሁና ፕላስቲኩ ውስጥ ከተትኩት።

«ሲወርድ ይስባል» አልኩት። «ሲወጣ ያምቃል።»

በጥፊ አለኝ።

«ከዛ ያቃጥላል።»

ደገመኝ። አራተኛውን ወለሉ ላይ ሆኜ ጨረስኩለት።

ስመለስ ኦቦ ፊቴን በውሃ ጠረጉልኝ። በማግስቱ በር ተከፈተና እሳቸውን ጠሩ። ጋቢያቸውን እየለበሱ «ቫልቩን ነገ እንጀምራለን» ብለውኝ ወጡ።

እኔን በኋላ ያለምንም ክስ ለቀቁኝ። ዛሬ ሱሉልታ ጋራዥ ነው የምሠራው፤ ሞተር አውርጄ፣ ፈትቼ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ቫልቭ ከሌላ ሰው ተማርኩ። ልጃቸውን መፈለግ ትተውታል፤ እሱ ግን አባቱን ፍለጋ እስካሁን ጣቢያ ለጣቢያ ይዞራል፤ «እዚህ አልመጡም» ነው መልሱ።

ያን ጠዋት በሩን የከፈታችሁ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ኦቦን የት አደረሳችኋቸው?